ከፊልጵስዩስ እስከ ፍጥሞ፤ በሐዋርያት መንገድ የሚሄድ ተሳላሚ ምን አይቶ ይመለሳል?

ሰው አገሩን ለቆ ወደ ባዕድ ምድር የሚጓዝበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። ነጋዴው ትርፍ ፍለጋ፣ ወታደሩ በትእዛዝ፣ ተማሪው ዕውቀት ለመቅሰም ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ግን ምንም ሳይሸጥና ሳይገዛ፣ አንድ ቅዱስ ሰው የቆመበትን መሬት በዐይኑ ለማየት ብቻ ስንቁን ቋጥሮ የሚነሣ መንገደኛ አለ፤ እርሱም ተሳላሚ ይባላል። ይህ ልማድ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኤገርያ የምትባል አንዲት ሴት ከምዕራቡ ዓለም ተነሥታ ኢየሩሳሌምንና ደብረ ሲናን ከተሳለመች በኋላ በቁስጥንጥንያ ተቀምጣ የጉዞዋን ዜና ለእኅቶቿ ጽፋ ነበር፤ በጽሑፏም ፍጻሜ ገና ወደ ኤፌሶን ወርዳ የወንጌላዊው የዮሐንስን ቦታ ለመሳለም ማሰቧን ትገልጻለች። የእኛም አባት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ከአገራቸው ወጥተው ግብፅን፣ ኢየሩሳሌምንና ቆጵሮስን አልፈው አርመን አገር ደርሰዋል፤ ያረፉትም በዚያው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አስቀድሜ እለምናለሁ።

በዘመናችን ደግሞ የሩቅ አገር ምእመናን በማኅበር እየተሰበሰቡ፣ ካህን ወይም መምህር እየመራቸው፣ የሐዋርያው የጳውሎስን መንገድ ተከትለው ግሪክን ይጎበኛሉ። የጉዞው ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ከተሰሎንቄ ተነሥተው በመኪና ወደ ፊልጵስዩስና ወደ ቤርያ ይሄዳሉ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ወርደው አቴናንና ቆሮንቶስን ያያሉ። በመጨረሻም ከአቴና አጠገብ ካለ ወደብ በመንገደኞች መርከብ ተሳፍረው ሦስት ወይም አራት ቀን በኤጌ ባሕር ደሴቶች መካከል ሲመላለሱ፣ በቱርክ ጠረፍ ወርደው ኤፌሶንን፣ በሌላ ቀን ደግሞ ፍጥሞን ይሳለማሉ። ሐዋርያው በብዙ ዓመት ድካም፣ በእግርና በሸራ መርከብ የፈጸመውን መንገድ እነርሱ ዐሥር ቀን በማይሞላ ጊዜ ይጨርሱታል። በፍጥሞ ወደብ መርከቡ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰው ምን ሊያይ ይችላል? የፈረሰ ዓምድ አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢመለስ ተሳላሚ ይባላልን? ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ። ወንጌል አስቀድሞ የተሰበከባቸው እነዚያ ታላላቅ ከተሞች አንዳንዶቹ ለምን ጠፉ? የተረፉትስ በምን ምክንያት ተረፉ? የጥንት ሃይማኖትና የጥንት ቅርስ ያለው ሕዝብ ሁሉ ይህን መጠየቅ ይገባዋልና፣ መንገዱን በሥርዓት ተከትለን እንመልከት።

በመቄዶንያ ምድር

የሐዋርያት ሥራ እንደሚያስረዳን ጳውሎስ በጢሮአዳ ሳለ አንድ የመቄዶንያ ሰው ተሻግሮ እንዲረዳቸው ሲለምነው በሌሊት ራእይ አየ። ዘመኑ 50 ዓ.ም. ገደማ ነው። ወዲያውም ተሳፍሮ በሳሞትራቄ በኩል በማግሥቱ ናጱሌ ደረሰ። ናጱሌ ዛሬ ካቫላ የምትባለው የግሪክ ወደብ ናት። ከዚያ ወደ ፊልጵስዩስ ወጣ።

ፊልጵስዩስ ስሟን ያገኘችው ከታላቁ እስክንድር አባት ከንጉሥ ፊልጶስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ዓመት የዩልዮስ ቄሣር ገዳዮችና ደሙን የሚበቀሉት ወገኖች በዚያ ሜዳ ላይ ተዋግተው ነበር። ድል ያደረጉት መሪዎች አገልግሎታቸውን የጨረሱ ወታደሮቻቸውን መሬት እየሰጡ በዚያ ስላሰፈሩ ከተማዪቱ በሮማ ሕግ የምትተዳደር ሆነች። በመካከሏም ኤግናጥያ የተባለው ታላቅ ጎዳና ያልፍ ነበር። ሮማውያን ይህን ጎዳና ከአድርያ ባሕር ዳር አንሥተው ወደ ምሥራቅ የዘረጉት ለጦር ሠራዊታቸው ብለው ነው፤ ዳሩ ግን በዚያው ድንጋይ ላይ ጦር ያልያዙ፣ ጥቂት ልብስና አንድ ቃል ብቻ የያዙ ሰዎች ሄዱበት። መንገድ የሚሠራ መንግሥት በመንገዱ ማን እንደሚሄድበት አስቀድሞ አያውቅም።

በፊልጵስዩስ ወንዝ ዳር የሐምራዊ ልብስ ነጋዴ የነበረችው ልድያ ቃሉን ሰምታ ከቤተ ሰቧ ጋራ ተጠመቀች። ጳውሎስና ሲላስም በበትር ተደብድበው የታሰሩት በዚችው ከተማ ነው። ዛሬ ለጎብኚዎች የጳውሎስ ወኅኒ ነው ተብሎ አንድ ቦታ ይታያል፤ የጥንት ነገር መርማሪዎች ግን ስፍራው በመጀመሪያ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንደ ነበረ ይናገራሉ። ተሳላሚው በዚህ ቅር ሊሰኝ አይገባም። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ የማይጠረጠር ምስክር ያገኛልና። ይኸውም በወለል ላይ በጠጠር ሥዕል የተጻፈ ጽሕፈት ነው፤ ጽሕፈቱ በጳውሎስ ስም የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን ወለል ያስጌጠው ኤጲስ ቆጶስ ጶርፊርዮስ መሆኑን ይመሰክራል። ይህ ኤጲስ ቆጶስ በ343 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው የሰርዲቃ ጉባኤ ላይ የተገኘ ሰው ስለ ሆነ፣ የፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች ሐዋርያቸውን በ4ኛው መቶ ዓመት በዚህ ዓይነት ያከብሩት እንደ ነበረ በእርግጥ እናውቃለን። ትውፊትና ታሪክ ሁለቱም ክብር አላቸው፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ የአስተዋይ መንገደኛ ተግባር ነው።

ፊልጵስዩስ ዛሬ ሰው የማይኖርባት ፍርስራሽ ናት። ተሰሎንቄ ግን እስከ ዛሬ ሕያው ከተማ ናት፤ ዋናውም ጎዳናዋ አሁንም ኤግናጥያ ይባላል። ሆኖም ሕያው ከተማም የሚያለቅስበት ነገር አለው። የቅዱስ ድሜጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በ1917 በደረሰው ታላቅ ቃጠሎ ነድዶ እንደ ገና ታንጿል። ጳውሎስ በዚህች ከተማ ሦስት ሰንበት በአይሁድ ምኵራብ እየገባ ተነጋግሮ ነበር፤ ከዘመናት በኋላም ተሰሎንቄ ብዙ አይሁድ የሚኖሩባት ከተማ ሆና ሳለ፣ በ1943 የጀርመን ናዚዎች ከ40 ሺህ የሚበልጡትን በባቡር እየጫኑ ወደ አውሽቪትዝ ወስደው አብዛኞቹን ፈጇቸው። ስለ ምኵራቡ የሚያነብ ተሳላሚ ይህን ሳያስታውስ ማለፍ አይገባውም። የቤርያ ሰዎች ደግሞ የሰሙትን ነገር እውነት መሆኑን ለማወቅ መጻሕፍትን በየዕለቱ ይመረምሩ ስለ ነበር ተመስግነዋል፤ እነርሱ ለተሳላሚም ለታሪክ ተማሪም መልካም ምሳሌ ናቸው።

ከቤርያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሜቴዎራ የተባሉት ገዳማት ይገኛሉ። እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው በቆሙ ዐለቶች ራስ ላይ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተሠሩ ናቸው። በቀድሞ ዘመን መነኮሳቱም ስንቃቸውም በመረብና በገመድ እየተጎተቱ ይወጡ ነበር። ደብረ ዳሞን በጠፍር የወጣ ኢትዮጵያዊ ይህን ቢያይ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

አቴናና ቆሮንቶስ

አቴና ለጳውሎስ የጥበብ ከተማ ነበረች፤ ነገር ግን በዚያ ያገኘው ፍሬ ጥቂት ነበር። አርዮስፋጎስ ከታላቁ የአቴና ቤተ መቅደስ ሥር ያለ ራቁቱን የቀረ ዐለት ነው። ሐዋርያው ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውን መሠዊያ መነሻ አድርጎ ለፈላስፎች ተናገረ፤ የሙታንን ትንሣኤ ሲጠቅስ ግን አንዳንዶቹ አፌዙበት፤ ዲዮናስዮስና ደማሪስ ከጥቂቶች ጋራ አመኑ። በዐለቱ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው አንድ ሌላ ትምህርት አለ። ለአቴና ጣዖት የተሠራው ያ ቤተ መቅደስ በኋላ ዘመን የእመቤታችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቅዳሴ ተቀድሶበታል። ቱርኮች አገሩን ከያዙ በኋላ መስጊድ ሆነ፤ በ1687 ባሩድ ተከማችቶበት ሳለ ከቬኔስያ ሠራዊት የተተኰሰ ጥይት መትቶት ፈረሰ። አንድ ሕንፃ ሦስት እምነት አስተናግዶ በመጨረሻ የፈረሰው በእምነት ምክንያት ሳይሆን በባሩድ ነው።

ቆሮንቶስ ደግሞ የሁለት ባሕር ከተማ ነበረች። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ዓመት አጥፍተዋት፣ ዩልዮስ ቄሣር በ44 ዓመት እንደ ገና እንድትቆም አድርጓል። ጳውሎስ በዚያ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀመጠ፤ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራም ድንኳን በመስፋት እንጀራውን ያገኝ ነበር። አይሁድ ከሰው ወደ አካይያው አገረ ገዥ ወደ ጋልዮስ ባቀረቡት ጊዜ ጋልዮስ ነገሩ የሃይማኖታችሁ ክርክር ነው ብሎ አሰናበታቸው። የፍርድ ወንበሩ የነበረበት ከፍ ያለ የድንጋይ መድረክ ተቆፍሮ ተገኝቶ ዛሬ በገበያው መካከል ይታያል።

ይህ የጋልዮስ ነገር ለታሪክ ጸሐፊዎች እጅግ ጠቅሟል። በደልፊ ከተማ የተገኙ የድንጋይ ስብርባሪዎች ሲገጣጠሙ የንጉሠ ነገሥቱ የቀላውዴዎስ ደብዳቤ ሆነው ተገኙ፤ በውስጡም የጋልዮስ ስምና ሹመት ተጠቅሷል። ከዚህ የተነሣ ጋልዮስ በአካይያ የነበረው በ51 ወይም በ52 ዓ.ም. መሆኑ ታወቀ፤ የጳውሎስም ጉዞዎች ሁሉ ዘመን ከዚህ እየተነሣ ይቈጠራል። አንድ የመንግሥት ደብዳቤ በድንጋይ ተቀርጾ ባይቀመጥ ኖሮ የሐዋርያውን ዘመን ይህን ያህል አቅርቦ ማወቅ ባልተቻለ ነበር።

ዛሬ ተሳላሚዎች ወደ ቆሮንቶስ ሲሄዱ ሁለቱን ባሕር የሚያገናኘውን ቦይ በድልድይ ይሻገራሉ። ኔሮን ቄሣር በ67 ዓ.ም. ሊያስቆፍረው ጀምሮ ነበር፤ በአይሁድ ጦርነት የተማረኩ 6 ሺህ ሰዎችም ለዚህ ሥራ እንደ ተላኩ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ተብሎ በአገራችን ስሙ የሚታወቀው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ይናገራል። ሥራው የተፈጸመው ግን በ1893 ነው። 6 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ጥቂት ለሚረዝም ቦይ 18 መቶ ዓመት ገደማ ማለፉ የሰውን አሳብ ርዝመትና የእጁን አጭርነት ያሳያል።

በባሕር ላይ

ተሳላሚው በመርከቡ ሰገነት ላይ ወንበር ዘርግቶ ሲቀመጥ ባሕሩ ቀላል ነገር ይመስለዋል። ለጥንት ሰዎች ግን እንደዚያ አልነበረም። በበጋ ወራት በኤጌ ባሕር ላይ ብርቱ የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል፤ በክረምት ደግሞ ማዕበሉ ስለሚያይል ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት መርከብ ሁሉ በወደብ ታስሮ ይከርም ነበር። የሐዋርያት ሥራን በማስተዋል የሚያነብ ሰው ይህን ያገኘዋል። ጳውሎስ በመጀመሪያ ከጢሮአዳ ወደ ናጱሌ በሁለት ቀን ሲሻገር፣ በሌላ ጊዜ ያንኑ ባሕር ሲመለስ አምስት ቀን ፈጅቶበታል። ባሕሩ አንድ ነው፤ የተለየው ነፋሱ ነው።

ብዙ መርከቦች የሚያርፉባት የቀርጤስ ደሴትም ለዚህ ምስክር ናት። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮማ ሲወሰድ መርከቡ በቀርጤስ ደቡብ መልካም ወደብ በተባለ ስፍራ ቆመ። የመርከብ ወራት አልፎ ነበርና ጳውሎስ ጉዞው ጥፋት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ። መቶ አለቃው ግን ከእስረኛ ቃል ይልቅ የመርከቡን መሪና የባለቤቱን ቃል አመነ፤ ወደቡ ለመክረም አይመችም ብለው ተነሡ። በመጨረሻም በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ ከሞት ያመለጡት መርከቡ በመላጥያ ደሴት አጠገብ ተሰብሮ፣ አንዳንዱ እየዋኘ፣ አንዳንዱ በሳንቃ ላይ ተንሳፎ ነው። ምክር የሚመዘነው በተናጋሪው ማዕርግ ሳይሆን በነገሩ እውነት መሆኑን በሹመት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ከዚህ ሊማር ይችላል።

ኤፌሶን

ከመርከብ ወርደው በመኪና ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ኤፌሶን ይገኛል። ጎብኚው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር፣ በወደብነቱ የታወቀው ይህ ከተማ ባሕሩ ወዴት ሄደበት የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የኤፌሶን ሞት ምክንያቱ በእርሱ ውስጥ ነውና።

በጳውሎስ ዘመን ኤፌሶን ከእስያ አውራጃ ከተሞች ሁሉ ታላቋ ነበረች። የአርጤምስ ቤተ መቅደስ ከሰባቱ የዓለም ድንቅ ሥራዎች አንዱ ተብሎ ይቈጠር ነበር። ሐዋርያው ሦስት ዓመት ያህል በዚያ አስተማረ። ትምህርቱ ሲሰፋ የብር ሠሪዎች አለቃ ድሜጥሮስ ትርፋችን ሊቀር ነው ብሎ ባልንጀሮቹን አነሣሣ፤ ሕዝቡም ወደ ቲያትሩ ሮጦ ሁለት ሰዓት ያህል ስለ አርጤምስ ጮኸ። ወደ 25 ሺህ ሰው የሚይዘው ያ ቲያትር ዛሬም ከተራራው ጐን ተቀርጾ ይታያል። ያን ቀን ደም ሳይፈስ ሕዝቡን ያሰናበተው የጦር አለቃ አልነበረም፤ የከተማዪቱ ጸሐፊ ነው። ክስ ያለው ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፣ አገረ ገዦች አሉ ብሎ በሕግ ቋንቋ ተናግሮ ቁጣውን አበረደ። ስሙ አልተጻፈም፤ ሥራው ግን ተጽፏል።

የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ጎቶች የተባሉ ሕዝቦች በ3ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ስፍራው ራሱ ተረሳ። ጆን ተርትል ውድ የተባለ እንግሊዛዊ ከ1863 ጀምሮ ሲፈልገው ቆይቶ፣ በቲያትሩ ውስጥ የበዓል ሰልፍ የሚሄድበትን መንገድ የሚገልጽ የድንጋይ ጽሕፈት አገኘ፤ ያንን መንገድ ተከትሎ በመቆፈር በ1869 መጨረሻ ላይ የቤተ መቅደሱን ወለል በጭቃ ውስጥ ቀብሮ አገኘው። ዛሬ በረግረጉ መካከል እንደ ገና የቆመ አንድ ዓምድ ብቻ ይታያል።

ከተማዪቱን ራሷን ግን የገደላት ጠላት አልነበረም። ካይስጥሮስ የሚባለው ወንዝ ከላይ አፈር እየጠረገ ወደ ወደቡ ያመጣ ነበር። ስትራቦን የተባለው የምድር ታሪክ ጸሐፊ እንደሚነግረን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የጴርጋሞን ንጉሥ አጣሎስ የወደቡ አፍ ቢጠብ ውሃው ይጠልቃል ብሎ አሰበ፤ መሐንዲሶቹም እንደ ታዘዙት ግድብ ሠሩ። የሆነው ግን የታሰበው ተቃራኒ ነው። ከዚያ በፊት የባሕሩ ሞገድ እየገባና እየወጣ አፈሩን ይዞ ይመለስ ነበር፤ አፉ ሲጠብ ግን አፈሩ በውስጥ ታገደና ወደቡ እየደለለ ሄደ። በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ አገረ ገዥ አስጠረገው፤ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስም በ2ኛው መቶ ዓመት ወንዙን በሌላ በኩል ሊመልስ ደከመ። ሁሉም ለጊዜው ረዳ እንጂ ለዘለቄታው አልጠቀመም። ወደቡ ሲሞላ ንግዱ ቀረ፤ ረግረጉ የወባ መፍለቂያ ሆነ፤ ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወደ ኮረብታው ፈለሰ። ዛሬ ባሕሩ ከፍርስራሹ ብዙ ርቆ ይገኛል። ቀና አሳብ ያለ ጥናት ከተፈጸመ እንደ ጠላት ሊያጠፋ እንደሚችል የኤፌሶን ወደብ ያስተምራል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የኤፌሶን ስም ከዚህም የሚበልጥ ትርጉም አለው። በ431 ዓ.ም. ሁለት መቶ ሊቃውንት በቅዱስ ቄርሎስ መሪነት ተሰብስበው ንስጥሮስን ያወገዙት፣ ድንግል ማርያምም ወላዲተ አምላክ መሆኗን ያጸኑት በዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት፣ ማለት ከኒቅያ፣ ከቁስጥንጥንያና ከኤፌሶን፣ ሦስተኛው መሆኑ ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰውና ቄርሎስ ተብሎ የሚጠራው መጽሐፍ የዚህን ጉባኤ አባቶች ስብከት ይዞ ይገኛል። ጉባኤው የተደረገበት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ጣራ የሌለው ረጅም ግንብ ሆኖ በሣር መካከል ቆሟል። ነገሩን ስናስተውለው የሚደንቅ ነው፤ ቃሉ የተነገረበት ቤት ፈርሶ ሳለ፣ የተነገረው ቃል ከዚያ እጅግ በራቀ በአፍሪካ ተራሮች ላይ በብራና ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ፍጥሞ

ፍጥሞ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ድንጋያማ ደሴት ናት። ዮሐንስ ስለ እግዚአብሔር ቃል በዚያ እንደ ነበረ ራሱ ይናገራል፤ የሊዮኑ ሄሬኔዎስ ደግሞ ራእዩ የታየው በድምጥያኖስ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ መሆኑን ጽፏል፤ ድምጥያኖስ የሞተው በ96 ዓ.ም. ነው። ከወደቡ ወደ ላይ ሲወጡ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ራእዩ የታየበት ነው ተብሎ በትውፊት የሚከበረው ዋሻ ይገኛል። ከዚያ በላይ በተራራው ራስ ላይ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም እንደ ምሽግ ቆሞ ይታያል።

ገዳሙን የመሠረተው ክርስቶዱሎስ የተባለ መነኩሴ ነው። ቱርኮች በትንሹ እስያ ያለውን ገዳሙን ስለ ወረሩበት ሸሽቶ ሲንከራተት ቆይቶ፣ በ1088 ንጉሠ ነገሥት አሌክስዮስ ኮምኔኖስ ሰው የማይኖርባትን ደሴት ከግብር ነፃ አድርጎ በወርቅ ማኅተም በታተመ ደብዳቤ ሰጠው። ክርስቶዱሎስ ራሱ የገዳሙን ፍጻሜ አላየም፤ የባሕር ወንበዴዎች እያስጨነቁት እንደ ገና ተሰዶ በ1093 በሌላ ደሴት ዐረፈ፤ ደቀ መዛሙርቱ ግን ዐፅሙን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቬኔስያ፣ ቱርክና ኢጣልያ በዚያ ባሕር ላይ እየተፈራረቁ ገዝተዋል፤ ደሴቲቱ ለግሪክ የተመለሰችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ገዥዎቹ ሁሉ አለፉ፤ የ1088ቱ ደብዳቤ ግን ዛሬም በገዳሙ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ይታያል።

እኔ ቀኑን በመዝገብ ቤት የማሳልፍ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ይህ ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል። ኤፌሶን ወርቅና እብነ በረድ ነበራት፤ ፍጥሞ ግን ከድንጋይ በቀር ምንም አልነበራትም። ኤፌሶን ግን ጠፋች፤ ፍጥሞ ተረፈች። ምክንያቱን ስመረምር ሦስት ነገር አገኛለሁ። መጀመሪያ፣ መነኮሳቱ መብታቸውን የሚያስረዳውን ጽሕፈት ሳይጥሉ ጠበቁ፤ አዲስ ገዥ በመጣ ቁጥርም ጽሕፈታቸውን እያሳዩ መብታቸው እንዲጸናላቸው ጠየቁ። ሁለተኛ፣ ጸሎቱ አልተቋረጠም፤ ቤቱ በየቀኑ የሚከፍተውና የሚጠርገው ሰው አላጣም። ሦስተኛ፣ ልጆችን አስተማሩ፤ በ1713 ከዋሻው አጠገብ የተከፈተው ትምህርት ቤት በግሪኮች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው።

ሆኖም ፍጥሞም ያጣችው አለ። በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም ከተጻፈ የ6ኛው መቶ ዓመት ወንጌል በገዳሙ የቀረው 33 ቅጠል ነው፤ የሚበዛው በሩስያ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ይገኛል። በ895 የተጻፈ የአፍላጦን መጽሐፍም በገዳሙ ነበረ፤ በ1801 ኤድዋርድ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ ገዝቶ ወሰደው፤ ዛሬ በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላ አንድ መጽሐፍ ከቤቱ ለመውጣት የፈጀበት የአንድ ጎብኚ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተጫኑትን ብራናዎቻችንን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህን ያለ ኀዘን አያነበውም፤ በሽያጭ ይሁን በጦርነት፣ የወጣ መጽሐፍ በቀላሉ አይመለስም።

የመቅረዙ ነገር

ዮሐንስ ራእዩን የጻፈላቸው ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን፣ ትያጥሮን፣ ሰርዴስ፣ ፊልድልፍያና ሎዶቅያ፣ ሁሉም ከፍጥሞ ማዶ በዛሬዪቱ የቱርክ ምድር ናቸው። ለኤፌሶን የተላከው መልእክት የቀደመ ፍቅሯን ስለ ተወች ንስሓ ካልገባች መቅረዟ ከስፍራው እንደሚወሰድ ያስጠነቅቃል። ባለጠጋ ነኝ ትል የነበረችው ሎዶቅያ በ60 ዓ.ም. በምድር መናወጥ ፈርሳ ሳለ ከመንግሥት እርዳታ ሳትቀበል በገንዘቧ እንደ ታነጸች የሮማ ታሪክ ጸሐፊ ታኪቶስ ይነግረናል፤ ዛሬ ግን ባድማ ናት። የጴርጋሞን ታላቅ መሠዊያ በ19ኛው መቶ ዓመት ድንጋዩ እየተነቀለ ወደ በርሊን ተወስዷል።

ሰዎቹስ የት ሄዱ? ክርስቲያኖች በዚያ አገር ከከተሞቹ ውድቀት በኋላ ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል። በ1922 ሰምርኔስ ከጦርነት በኋላ ተቃጠለች፤ በ1923 በሎዛን በተፈረመው ስምምነት ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ኦርቶዶክሳውያን ወደ ግሪክ፣ ከ3 መቶ ሺህ የሚበልጡ እስላሞችም ከግሪክ ወደ ቱርክ እንዲዛወሩ ሆነ። መለያው ቋንቋ ሳይሆን ሃይማኖት ስለ ነበረ፣ ቱርክኛ ብቻ የሚናገር ክርስቲያን ወደ ግሪክ፣ ግሪክኛ የሚናገር እስላምም ወደ ቱርክ ተሰደደ። ከሁለቱም ወገን የአባቶቹን መቃብር ትቶ ያልሄደ የለም። በመርከብ ሰገነት ላይ ሆኖ ይህን ጠረፍ የሚያይ ተሳላሚ፣ የሚያየው የጥንት ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰው ብዙ ማየት ባይችልም፣ አስቀድሞ ያነበበ ሰው ያየው ይበቃዋል፤ ያላነበበ ግን ወር ቢቀመጥም ድንጋይ ብቻ ይቈጥራል። ስለዚህ የተሳላሚ ስንቅ ከቤት የሚሰነቅ ነው።

እኛም ደሴቶች አሉን። በጣና ሐይቅ ውስጥ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስና ክብራን ገብርኤል በግራኝ ዘመን ጦርነት የሸሹ ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት የተጠበቁባቸው ናቸው። ልዩነቱ የእኛዎቹ ፍርስራሽ ሳይሆኑ ዛሬም የሚቀደስባቸው መሆናቸው ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ሕያው ነገር ከሞተው ይልቅ ጠባቂ ይሻል። ፈርሶ ያለቀው ግንብ ከእንግዲህ አይሰረቅም፤ በየጠዋቱ የሚከፈተው ዕቃ ቤት ግን ሊሰረቅ፣ ሊቃጠል፣ ሊሸጥ ይችላል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ጥንት ቦታ ከመውሰዱ አስቀድሞ ታሪኩን ቢያስተምራቸው፣ ሹሙ በግዛቱ ያለውን ቅርስ በመዝገብ ቢያስጽፍ፣ ካህኑም መጽሐፉ የትና በማን እጅ እንዳለ ቢያውቅ፣ ሦስቱ የፍጥሞ መነኮሳት የሠሩትን ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

መቅረዝ የሚወሰደው በአንድ ቀን አይደለም። ወደብ እንደሚደለለው፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።